ባዶ ጠርሙሶቹ ቀድመው ደረሱ

ኅዳር 4

ለድንቢጤ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ሆቴሉም ደህና ነው፣ የሚታጠበው አንሶላም እንደ ድሮው ማለቂያ የለውም። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ጨርሼ ሣጥኑን ስትከፍቺ ወደምትጠይቂኝ ልግባ።

«ይኼን ቀይ ውኃ ማን ላኪልኝ አለሽ?» ማለትሽ አይቀርም። አንቺው ነሽ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ነው ያዘዝሽኝ። ደብዳቤሽን ይዤ የሆቴላችን ክሊኒክ ውስጥ ወዳለችው ነርስ ሄድኩ። ስምሽን ሳልጠራ «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ መድኃኒት ወስዳ ይሻላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይመለስባታል» አልኳት። ነርሷም ፈገግ አለችና «እህትሽ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው የማይነቃብኝ ይመስለኛል።

ክራንቤሪ የሚባል ቀይ ፍሬ አለ፤ መጠኑ ከአተር ትንሽ ይበልጣል፣ ጣዕሙ ደግሞ ሰው ያጣላል። ጭማቂው ጀርሙ የሽንት ፊኛ ላይ እንዳይጣበቅ ያግዛል ይባላል። እንደ አንቺ ከሚመላለስባቸው ሴቶች ብዙዎቹን ረድቷል፣ ሁሉንም ግን አይደለም አለችኝ። ስኳር የበዛበትን አትግዢ ስላለችኝ ባርማናችን ለመጠጥ መቀላቀያ ከሚያስመጣው ላይ ያልጣፈጠውን ለምኜ ወሰድኩ። በቀን አንድ ብርጭቆ ነው። ልብ በይ፤ ይከላከላል እንጂ አያድንም። ነርሷ ይህንን ደጋግማ ነግራኛለች፣ እኔም ደጋግሜ እጽፍልሻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ይኼ ቅጠሉ ነው።

አጎታችን በሚነዳው አውቶቡስ ጭኖ ያደርስልሻል። ሣጥኑን ሲያነሣ ጠርሙሶቹ ሲንቃጨሉ ሰማና «ልጅቷ መጠጥ ጀመረች እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እውነቱን ለእሱ ከመናገር ይኼ ቀለለኝ። ባዶ ጠርሙሶቹን በእሱ መልሺልኝ፤ ለባርማናችን የሚያመጣው ነጋዴ ያለ ባዶ ሙሉ አይሰጥም።

ለምን አትደውዪም ላልሽው ደግሞ፣ አንቺ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ላይ ግን መዋሸት አትችይበትም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ፊደልሽ ይተልቃል፤ አስተማሪሽም ያውቁት ነበር።

እማዬን አስታውሺ። «ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» ስትል ነው ኩላሊቷ የሄደው። አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ። እኔ ግን ምንም አልረሳሁም፣ ለዚህ ነው የምነዘንዝሽ።

አሁን የእኔን ጥያቄ መልሺልኝ። እዚያ ግንባታው ቦታ ክሬኑ ላይ ከወጣሽ በኋላ ሽንትሽ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ? ይኼን ሁልጊዜ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺ ሁልጊዜ ስለ አየሩ ትነግሪኛለሽ።

እታለምሽ


ኅዳር 11

እታለሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅር በዪኝ። አጎታችን ደብዳቤ አለሽ ወይ እያለ በተመላለሰ ቁጥር «ነገ» እለዋለሁ። ዓይን ዓይኔን እያየ ትንፋሼን ሊያሸት ሲጠጋኝ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ምን ብለሽ እንደነገርሽው አሁን ገባኝ። ስሜን ስላጠፋሽው አመሰግናለሁ።

ጭማቂው ደርሷል። የመጀመሪያውን ስጎነጭ አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ ቀረ። አብራኝ የምትኖረው መሬት ቀያሿ ቀመሰችና «ይኼ ለሰው ነው ወይስ ለዝገት ማስለቀቂያ?» አለች። ቢሆንም በየጠዋቱ ከመውጣቴ በፊት እጠጣለሁ። ቃሌ ነው። የባለፈው ክኒን አልቋል፣ ቃጠሎውም ከጠፋ ቆይቷል።

ላይ ነፋስ አለ። ይኼው ስለ አየሩ ነገርኩሽ።

ለጥያቄሽ መልሱ «ምንም አላደርግም» ነው፤ እይዛለሁ። አትጩኺብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። መሰላሉ ረጅም ነው፤ ወጥቼ ካቢኑ ውስጥ ስቀመጥ እግሬ እንደ ገመድ ይሆናል። አንዴ ከወጣሁ እስከ ምሳ እዚያው ነኝ። ወንዶቹ ጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ፣ እነሱ ምን ችግር አለባቸው። እኔ ያንን ልሞክረው ብል ካቢኑ አንድ ወንበር ብቻ የሚያስቀምጥ ነው፣ ደግሞ ዙሪያው መስተዋት ነው። ስለዚህ ጠዋት ውኃ አልጠጣም። ያንቺን አንድ ብርጭቆ ብቻ ጠጥቼ እወጣለሁ። ካልጠጣሁ ከየት ይመጣል? ብልሃቴ ይኼ ነው፣ እስካሁንም ሠርቶልኛል።

«ወርደሽ ብትመለሺ ማን ይገድልሻል?» ማለትሽ አይቀርም። ሥራ የገባሁ ቀን ፎርማኑ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን እንዳለ ነግሬሽ አላውቅም። «ሴት ክሬን ላይ? ይችማ ቀኑን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ መዋሏ ነው» አለ። ሰዎቹ ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከምሳ በፊት ወርጄ አላውቅም። ክሬኑን የሰጡኝ ለሙከራ ነው፤ ጥር ሲገባ ወይ ቋሚ ያደርጉኛል ወይ ያሰናብቱኛል። እስከዚያ እንድይዝ ፍቀጂልኝ።

ላይ ሆኜ ከተማውን ሳይ ደግሞ፣ እታለም፣ ማንም የማይነካኝ ይመስለኛል። ያንን ብቻ ብታይልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ድንቢጥሽ


ኅዳር 18

ድንቢጤ፣

«ለነርሷ እንዳታነቢላት» ብለሽ በአጎታችን አፍ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ደርሶኝም አነበብኩላት። ለመቆጣት ጊዜ አለሽ፣ መጀመሪያ ያለችውን ስሚ።

መነጽሯን አወለቀች። «ጭማቂውን እየጠጣች ሰውነቷን ውኃ ከከለከለችው እኮ ትርፉ ልፋት ነው» አለች። ውኃው ነው ጀርሙን አጥቦ የሚያወጣው። ሽንት ተይዞ በዋለ ቁጥር ጀርሙ ይደላደላል፣ ይራባል። ክራንቤሪው ረዳት ነው፤ ዋናው ሥራ ውኃ መጠጣትና በመጣ ጊዜ መሄድ ነው። ሌላም የነገረችኝ ነገር አለ፣ እሱን ግን በወረቀት አልጽፈውም፤ ስንገናኝ ጆሮሽ ላይ እነግርሻለሁ።

ጥፋቱ የእኔም ነው መሰለኝ። አንድ ብርጭቆ ጠጪ አልኩሽ፣ አንቺ ያንን ብርጭቆ የቀኑ ውኃ አደረግሽው። እንዲህ ያለ ነገር የሚገጥመው በእኛ ቤት ብቻ ነው። እማዬም ለሳል የታዘዘላትን ሽሮፕ ጉልበቷ ላይ ታሽ ነበር።

ፎርማኑን አነጋግሪው። ረፋድ ላይ አንዴ መውረድ ነው፣ ዓለም አይገለበጥም። ምን እንዳለሽ አንብቤአለሁ፣ አንብቤም ተቃጥያለሁ። ግን የእሱን አፍ ለመዝጋት ብለሽ ኩላሊትሽን ትሰጪዋለሽ? ካልጠየቅሽው እኔ እጽፍለታለሁ። ሳልዋሽ ነው የምነግርሽ፤ ወረቀቱንም ገዝቻለሁ።

አጎታችን ስለ መጠጥሽ ተጨንቆ ነው የሰነበተው። ትናንት «እኔም በወጣትነቴ ነበርኩበት፣ ላማክራት» ሲለኝ ሣቄን ለመደበቅ አንሶላ ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛ ሣጥን አልላክሁም፤ ያለሽ ወር ያደርስሻል።

ውኃ ጠጪ። ውኃ ጠጪ። ውኃ ጠጪ።

እታለምሽ


ኅዳር 24

እታለም፣

ለፎርማኑ እንዳትጽፊ። አንዲት መስመር ብትጽፊ ለሁለት ዓመት አላናግርሽም። እህቷ «እባክዎ ሽንት ቤት ይፍቀዱላት» ብላ የጻፈችላት ክሬን ነጂ ሆኜ በየት በኩል ነው ሰው ፊት የምቆመው? አንቺ እዚያ ሞቃት ክፍል ውስጥ አንሶላ ስትቆጥሪ ውለሽ እዚህ ያለውን አታውቂውም።

ጭማቂው ሠርቷል። ደህና ነኝ። ምንም ቃጠሎ የለም። ወገቤን ትንሽ ይዞኛል፣ እሱ ከመቀመጥ ነው። ደህና ነኝ።

ባዶ ጠርሙሶቹን ልኬአለሁ። ሌላ ሣጥን ቶሎ ላኪልኝ፣ ከተቻለ በዚሁ በአጎታችን ምልስ።

ድንቢጥ


ኅዳር 26

ድንቢጤ፣

አጎታችን ሣጥኑን በጠዋት አወረደልኝ። ደብዳቤሽን ግን ኮቱ ኪስ ውስጥ ረስቶት አመሻሽ ላይ ነው የሰጠኝ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከባዶ ጠርሙሶቹ ጋር ዋልኩ።

ወር ይበቃሻል ብዬ የላክሁት ሣጥን ነው። አንዱ ብቻ ጎድሏል፣ እሱም አልጋሽ ሥር ግማሽ ሆኖ እንደተቀመጠ ይታየኛል። የቀሩት ሁሉ ባዶ ናቸው። ያንን ኮምጣጣ ነገር ሰው ስለጣመው አይጠጣውም። አንቺ ዓይንሽ እየተጨፈነ ጠርሙስ በጠርሙስ የጠጣሽው እያቃጠለሽ ነው። ሲያቃጥልሽ ጨመርሽ፣ ሲብስብሽ ደግሞ ጨመርሽ፤ ሐኪም ጋ መሄድ ማለት ከክሬን መውረድ ስለሆነ። ተሳስቻለሁ በዪኝ። ፈጣሪ ያውቃል፣ ብሳሳት ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ፊደሉ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ከእንግዲህ ከአንቺ ይልቅ ጠርሙሶቹን አምናለሁ።

ወገብሽን ከመቀመጥ ነው ብለሻል። የቱ ጋ ነው? ከጎድንሽ በታች፣ በአንድ በኩል፣ ሲነኩት የሚያስጮህ ነው? ብርድ ብርድ ይልሻል? ትኩሳት አለሽ? ያስመልስሻል? እነዚህን ነርሷ ናት የጠየቀችኝ። «አላውቅም» ስላት «ነገ ሳይሆን ዛሬ ትሂድ» አለች። እሳቱ አንዴ ከተነሣ ቅጠል ምን ያደርጋል? ኩላሊት ከደረሰ ክራንቤሪ አይደለም፣ የክራንቤሪ ኩሬ ውስጥ ብትዋኚ አያድንሽም።

እማዬም ወገቤን ነው ያለችው። ቃሏ ይኸው ነበር። «ወገቤን ትንሽ ይዞኛል»።

ደውዬ ነበር። ቀያሿ አንሥታ «ተኝታለች» አለችኝ። በዚያ ሰዓት አንቺ ተኝተሽ አታውቂም። አንሶላውን ጥዬ ወደ አጎታችን ሄድኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ሽንት የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ሁለት ጊዜ አሳለኝ። ሲሰማ ተቀመጠ። «ምነው መጠጥ በሆነላት» አለ። የእህቱን ነገር እሱም አልረሳውም።

ሣጥኑን ባዶውን መልሼልሻለሁ፣ አንዲት ጠብታ ጭማቂ የለበትም። ይህንን ደብዳቤ በእጅሽ የሚሰጥሽ አጎታችን ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ነጠላ ጫማም ቢሆን አድርጊና ተከተይው። እምቢ ካልሽ ተሸክሞሽ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። የአውቶቡስ ጎማ የሚያነሣ ሰው ነው፣ አንቺ አታቅቺውም። እኔም ልመጣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄአለሁ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እባክሽ። እባክሽ እህቴ።

እታለምሽ


ኅዳር 28

ለታላቅ እህቷ፣

ይህንን የምጽፈው እኔ አብሬያት የምኖረው ቀያሿ ነኝ፤ ቃሉ የእሷ ነው። ቀኝ እጇ ላይ ግሉኮስ ስለተሰካ ነው። «ገና ጽሑፉን ስታይ ትደነግጣለች፣ መጀመሪያ አለሁ በዪልኝ» ብላኛለች። አለች። ከዚህ በታች እሷ የምትለው ነው።

እታለሜ፣ አለሁ።

አጎታችን አልተሸከመኝም። በእግሬ ወጣሁ፣ እስከ አጥሩ በር ድረስ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱን ጠይቂው፣ እኔ አላስታውስም። ሐኪሙ ኩላሊት ደርሷል አለ። ቀኙ ነው። ሽንቴን አይቶ፣ ደሜን ወስዶ፣ መድኃኒቱን በደም ሥር ጀመረልኝ። «ስንት ቀን ሆነሽ?» አለኝ፣ «ምን ስትወስጂ ነበር?» አለኝ። ጭማቂ አልኩት። አልተቆጣም። «ጭማቂሽ ጥሩ ነው፣ ሲድንልሽ ትመለሺበታለሽ። ግን በር ጠባቂ ነው፤ ሌባው ቤት ከገባ በኋላ በር ላይ ስታቆሚው ሰነበትሽ» አለኝ። ብዘገይ ጀርሙ ደም ውስጥ ይገባ እንደነበርም ነገረኝ።

ስለ ጠየቅሽኝ ሁሉ፣ አዎ። ብርዱም፣ ትኩሳቱም፣ ማስመለሱም። ዛሬ ማስመለሱ ቆሟል።

ስለ አንሶላው የጻፍኩትን ይቅር በዪኝ። የተኛሁበትን አንሶላ እያየሁ ማን አጠበው እላለሁ።

አንድ ነገር አለ። እሱን በሌላ ሰው እጅ አላስጽፈውም። ሲሻለኝ በራሴ እጅ እጽፍልሻለሁ።

(ይኼን ስትል አለቀሰች። ጻፊው አላለችኝም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።)


ታኅሣሥ 8

ድንቢጤ፣

በደህና ገብቻለሁ። አጎታችን መንገዱን ሁሉ ጥሩንባውን እንኳ አልነካም።

አልጋሽ አጠገብ በተቀመጥኩባቸው ቀናት ብዙውን ጊዜ አልተኛሽም ነበር። ዐውቃለሁ። ዓይንሽን የጨፈንሽው እንዳልጠይቅሽ ነው። እኔም ተኝታለች ብዬ ለሰው እየነገርኩ ተቀመጥኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ጆሮሽ ላይ እነግርሻለሁ ያልኩትን የነርሷን ምክር ነግሬሽ ስትሥቂ ብቻ ነው ትንሽ የተነፈስኩት።

ያልነገርኩሽ እኔም አለኝ። ከመመለሳችን በፊት አጎታችንን «በሥራ ቦታዋ በኩል እለፍ» አልኩት። ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ክሬንሽን አየሁት። ቀና ብዬ ሳየው ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ። መሰላሉ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሰማዩ ውስጥ ይጠፋል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ስወለውል የሚያዞረኝ ሰው፣ ያሳደግኋት ልጅ በየጠዋቱ እዚያ ትወጣለች ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ኮራሁብሽ። በጣም ነው የኮራሁት። ከዚያ ውኃ ሳትጠጪ፣ ሽንትሽን ይዘሽ እዚያ መቀመጥሽን አሰብኩና አጥሩን ያዝኩ።

ፎርማኑም በሩ ላይ ነበር፤ አጎታችን አሳየኝ። አጭር ሰው ነው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ረጅም ነበር። የምለው ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የሥራው ባለቤት አንቺ ነሽ፣ አፍም አለሽ። እኔ እዚያ ገብቼ ብናገርልሽ የምትድኚው አንድ ቀን ነው። ወደፊት ግን በየቀኑ መሰላሉ ላይ ብቻሽን ነሽ። የገዛሁት ወረቀት እነሆ አሁን በምጽፍልሽ ላይ ዋለ።

ክኒኑን እስከ መጨረሻው ጨርሺ። ተሻለኝ ብለሽ መሐል ላይ እንዳታቆሚ፣ ነርሷም ሐኪሙም አንድ ቃል ነው የተናገሩት። ከጨረስሽ በኋላ ጭማቂውን መላክ እጀምራለሁ፣ በቀን አንድ ብርጭቆ። ባዶዎቹንም እጠብቃለሁ።

አሁን ንገሪኝ። ለቀያሿ ያላስጻፍሽው ነገር ምንድን ነው? ከመጣሁ ጀምሮ ስገምት ነው የምውለው፣ የምገምተውም ሁሉ ክፉ ነው። ኩላሊቱ ሌላ ነገር ተገኘበት? ሥራውን ወሰዱብሽ? ምንም ይሁን፣ ዝምታሽን ያህል አያስፈራኝም።

እታለምሽ


ታኅሣሥ 21

እታለሜ፣

ይቅርታ አልጠይቅም፣ ብዙ ጊዜ ጠይቄሽ ረከሰብኝ። ቀጥታ ልንገርሽ። ፊደሌንም ተመልከቺው።

ኩላሊቴ ደህና ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ መርምሮኛል። ሥራውም አልተወሰደብኝም፣ እስካሁን።

አጎታችን ደብዳቤሽን ይዞ የመጣ ዕለት ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ። ብርድ ብርድ እያለኝ ነው የወጣሁት። ላይ ስደርስ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አንድ እሥር ፌሮ ብረት አንሥቼ ወደ ሌላው ጫፍ እያዞርኩ ነበር። ማንሻው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ብረቱ ተወናጨፈ። ሥሩ ምልክት ሰጪው ቆሟል፤ በእጁና በመገናኛ ሬዲዮ እየመራ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ» የሚለኝ ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት። ወደ ኋላ ወድቆ ነው የተረፈው። ብረቱ እሱ በቆመበት አልፎ ሄደ። ከላይ ሳየው ወድቆ አልተነሣም ነበር፣ እኔ ደግሞ ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር። ቆይቶ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አውራ ጣቱን ወደ እኔ አሳየኝ። ለማንም አልተናገረም።

እስከዚያች ደቂቃ የማሠቃየው የራሴን ሰውነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ እታለም። የራሴ ስለሆነ መብቴ ነው እል ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁብሽ ለዚህ ነው፤ ዓይንሽን አይቼ መናገር አልቻልኩም።

ሥራ የተመለስኩ ቀን መጀመሪያ ወደ እሱ ሄድኩ። «ያን ቀን ብረቱን ያወናጨፈው ነፋስ አልነበረም፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «ዐውቃለሁ» አለኝ። «ድምፅሽ ከጠዋት ጀምሮ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ለምን አልወረድሽም?» ያን ሁሉ ጊዜ ለአንቺ ስጽፍ የነበረው ምክንያት እሱ ፊት ስቆም አፌ ውስጥ አልገኝ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት አልጋዬ ሥር ከቀረው ጠርሙስ የመጨረሻውን ጭማቂ ጠጣሁ። ከዚያ ጠርሙሱን አጥቤ ውኃ ሞላሁበት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እየሠራሁ ጠጣሁት። ረፋድ ላይ ሽንቴ እንደሚመጣ መቼም አይጠፋሽም፣ መጣ። ጭነቱን አስቀመጥኩ። እጄ ሬዲዮው ላይ ብዙ ቆየ። «ለትንሽ ጊዜ እወርዳለሁ» ልል ነበር ያሰብኩት፣ ሌሊቱን ሁሉ ያጠናሁትም እሱን ነው። የወጣኝ ግን «ሽንት ቤት ልሄድ ነው፣ እወርዳለሁ» ነው። ግቢው ሁሉ በሚሰማው ሬዲዮ ላይ።

ፎርማኑ «ምን? አልተሰማኝም» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ደገምኩት፣ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብዬ።

ከማዶ ያለው ክሬን ነጂ፣ ሽማግሌው፣ «እሷ ከወረደች እኔም ልውረድ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ጠርሙስ ተሸክሜ ወጣሁ» አለ። ሬዲዮው በሣቅ ሊፈነዳ ደረሰ። ፎርማኑ «ውረዱ እንግዲህ! ሁላችሁም ውረዱ! ግን ቶሎ በሉ፣ ኮንክሪቱ አይጠብቅም» ብሎ ጮኸ። መሰላሉን ስወርድ እየሣቅሁ ይሁን እያለቀስኩ እኔም አላወቅሁትም። ሽንት ቤቱ መሸጎሪያ የለውም። ምልክት ሰጪው ሳልጠይቀው መጥቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ረፋድ ላይ እወርዳለሁ። ፎርማኑ ስወርድ ሰዓቱን ያያል፣ ስወጣም ያያል። ጥር ላይ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ያስፈራኛል፣ አልዋሽሽም። ቢያሰናብቱኝ ያንን ከተማ ከላይ የማየው እስከዚያ ብቻ ነው። ግን ወርጄ ነው የሚያሰናብቱኝ።

አጎታችንን ሳሚልኝ። ትናንት ሣጥኑን ሲያስረክበኝ «ጠጪ ልጄ፣ ጠጪ» አለኝና አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በምልሱ ሣጥን ውስጥ የጎደለውን ጠርሙስ ታገኚዋለሽ። ባዶ ነው። ሳላደርቀው ስለላክሁት ጥግ ላይ ጠብታ ይኖረው ይሆናል፤ ቅመሺው፣ ውኃ ነው። ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ከአንቺ ይልቅ ጠርሙሶቹን አምናለሁ ብለሽኝ የለ? እንግዲህ እሱን እመኚው።

ድንቢጥሽ